ስለ ነፃ ዳውንሎድ የወጣ የጥናት ቁጥር ምን ያህል ይታመናል? ደረጃ በደረጃ መመዘኛ

ስለ ነፃ ዳውንሎድና ስለ ሙዚቃ ወይም ፊልም ግዢ የምንሰማቸው ቁጥሮች ብዙዎቹ የሚነሱት ሰው ስለራሱ ከሰጠው መልስ ነው። ስልክ ይደወልለታል፣ ወይም ፎርም ይሰጠዋል። «ባለፉት ሦስት ወራት ፊልም በነፃ አውርደሃል? ስንት አልበም ገዛህ?» ይባላል። መልሱ ይቆጠራል። ከዚያ ቁጥሩ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ፓርላማ ይደርሳል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራበታል።

መጠይቅ ከንቱ ነው የሚል እምነት የለኝም። ሰው ለምን እንደሚያወርድ፣ ምን እንደሚመርጥ፣ ኪሱ ምን እንደሚችል ከራሱ በተሻለ የሚነግረን የለም። ግን «አድርጌያለሁ» ብሎ በተናገረውና በእርግጥ ባደረገው መሃል ርቀት አለ። ርቀቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ብዙ ጊዜ ማወቅ ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለዚያ ነው የሚጠቅሙት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን እስከ መነሻው ተከተሉት

ይህ ዋናው ሥራ ነው። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ሌላውን ትታችሁ ይህን ብቻ ሥሩ።

በ2009 እንግሊዝ ውስጥ «7 ሚሊዮን ሰው በሕገወጥ መንገድ ፋይል ይጋራል» የሚል ቁጥር በየሚዲያው ተነገረ። ፋይል መጋራት ማለት ሰዎች ዘፈንና ፊልም በኢንተርኔት ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በነፃ መቀባበላቸው ነው። ቁጥሩ የወጣው መንግሥትን በአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ የሚያማክር ቦርድ ካሳተመው ሪፖርት ነበር። የቢቢሲ ሬዲዮ «ሞር ኦር ለስ» የተባለው ቁጥር መርማሪ ፕሮግራም ክሩን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ሪፖርቱ ቁጥሩን ያገኘው ከአንድ የገበያ ጥናት ድርጅት ነው። የድርጅቱ ጥናት ደግሞ የተሠራው በእንግሊዝ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር፣ በቢፒአይ፣ ትዕዛዝ ነው።

ከሥር ሲታይ የተጠየቁት ኢንተርኔት ያላቸው 1,176 ቤተሰቦች ናቸው። ፋይል እንጋራለን ያሉት 11.6 በመቶ ነበሩ። ይህ 136 መላሽ ማለት ነው። ከዚያ አጥኚዎቹ «ሁሉም እውነቱን አይናገርም» ብለው 11.6ቱን ወደ 16.3 ከፍ አደረጉት። ቀጥሎ በኢንተርኔት ተጠቃሚው ብዛት አባዙት። የወሰዱት 40 ሚሊዮን ነው። የአገሪቱ ስታትስቲክስ ቢሮ ለዚያው ለ2008 የያዘው ግን 33.9 ሚሊዮን ነበር።

ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። 11.6 በመቶ ከ33.9 ሚሊዮን፣ 3.9 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። 16.3 በመቶ ከ40 ሚሊዮን ግን ከ6.5 ሚሊዮን ያልፋል። ተጠጋግቶ ሕዝብ ጆሮ የደረሰው 7 ሚሊዮን ነው። የተጠየቁት ሰዎች ያው ናቸው፣ መልሱም ያው ነው። ቁጥሩ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ልብ በሉ፣ «ሁሉም እውነቱን አይናገርም» የሚለው ግምት ስህተት አይደለም። ምናልባት ትክክልም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግምቱ ከመልሱ ጋር ተደባልቆ «የተለካ» መስሎ መቅረቡ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሲያጋጥማችሁ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር አስምሩ። በመጀመሪያው ሰዎች የመለሱትን ጻፉ። በሁለተኛው አጥኚው የጨመረውን ወይም የቀነሰውን። በሦስተኛው የተባዛበትን የሕዝብ ብዛት። ሪፖርቱ ሦስቱን ለይቶ ካላሳየ ቁጥሩን አትጥቀሱት።

እዚያው ላይ የስህተት ክልሉን አውጡ፤ ሁሉም ሳይሆን ጥቂት ሰው ብቻ ስለተጠየቀ ቁጥሩ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ማለት ነው። ድርሻውን በአስርዮሽ ያዙ፤ እዚህ 0.116 ነው። ከ1 ሲቀነስ በሚተርፈው፣ በ0.884፣ አባዙት። በተጠያቂዎቹ ብዛት አካፍሉ። የውጤቱን ስኩዌር ሩት ወስዳችሁ በ1.96 አባዙ። ለ1,176 መላሽ ወደ 0.018፣ ማለትም ወደ 1.8 የመቶኛ ነጥብ ይመጣል። ናሙናው በትክክል በዕጣ የተመረጠ ቢሆን እንኳ እውነተኛው ድርሻ ከ9.8 እስከ 13.4 በመቶ መሃል የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 16.3 ከዚህ ክልል ውጭ ነው። ከፍ ያደረገው የአጥኚው ግምት ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የአሜሪካ ፊልም አምራቾች ማኅበር በ2005 ባሠራው ጥናት በሕገወጥ ቅጂ በአገር ውስጥ ከሚደርስበት ኪሳራ 44 በመቶው በኮሌጅ ተማሪዎች ምክንያት ነው ብሎ ነበር። በጥር 2008 ራሱ ማኅበሩ «የሰው ስህተት ነው፤ ትክክለኛው 15 በመቶ ገደማ ነው» ብሎ አረመው። በ2010 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በየቦታው የሚጠቀሱ ሦስት የኪሳራ ግምቶችን መርምሮ መነሻቸውን ማረጋገጥ እንዳልቻለ ጽፏል። ትልቅ ስም ያለው ተቋም ስለጠቀሰው ብቻ ቁጥር አይጠነክርም።

ደረጃ 2፦ የጥያቄውን ቃል በቃሉ አግኙ

የግራፉን ርዕስ አትመኑ። መጠይቁ አባሪ ላይ ካለ አውጥታችሁ አንብቡ። ከሌለ ለአጥኚው ጻፉለት። ጨዋ አጥኚ ይልካል።

ሦስት ነገር ፈልጉ። መጀመሪያ ድርጊቱ እንዴት እንደተገለጸ። «ሙዚቃ ከኢንተርኔት ታወርዳለህ?» የሚለው ጥያቄ በ2001 ቢጠየቅ በአብዛኛው ነፃውን ነበር የሚይዘው። አፕል በሚያዝያ 2003 የአይቲዩንስ ሙዚቃ መደብሩን አሜሪካ ውስጥ ከከፈተ በኋላ ግን ከፍሎ የሚያወርደውም «አዎ» ይላል። ጥያቄው ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። ሁለቱን ዓመታት በአንድ መስመር ያገናኘ ግራፍ ያሳስታል።

አገር ቤትም ይህ ችግር አለ። አዲስ አበባ ላይ «ፋይል ሼር ታደርጋለህ?» ብትሉት ግር ይለዋል። ሱቅ ሄዶ ፍላሹ ላይ ዘፈን ያስጫነ ሰው ራሱን «አውራጅ» አይለውም። ከቴሌግራም ቻናል የወሰደውም እንደዚያው። ዩቲዩብ ላይ ያዳመጠው «በነፃ» ልበል ወይስ አልበል ብሎ ያመነታል። ስለዚህ ጥናቱ ሰዎች በየቀኑ የሚያደርጉትን በስሙ ጠርቶ መጠየቁን ተመልከቱ፦ ፍላሽ ማስጫን፣ ከጓደኛ ስልክ በብሉቱዝ መቀበል፣ ከቴሌግራም ማውረድ፣ እያንዳንዱ ለብቻው።

ሁለተኛው የጊዜ ወሰን ነው። «አድርገህ ታውቃለህ?» እና «ባለፈው ወር አድርገሃል?» ፍጹም የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ሦስተኛው መለኪያው ነው። አንዱ ዘፈን ይቆጥራል፣ ሌላው አልበም፣ ሌላው ብር። በነፃ የተወሰደው በዘፈን፣ የተገዛው በአልበም ከተቆጠረ ሁለቱን ማነጻጸር ከባድ ነው።

ደረጃ 3፦ ሲጠየቁ ምን ያስፈራቸው ነበር?

በመስከረም 2003 የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች ማኅበር ሙዚቃ በሚያጋሩ 261 ግለሰቦች ላይ በአንድ ጊዜ ክስ መሠረተ። ወሬው በየቤቱ ገባ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በዚያው ዓመት ከክሱ በፊት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሲጠይቅ ከኢንተርኔት ተጠቃሚዎች 29 በመቶው ሙዚቃ አወርዳለሁ ብለው ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ በስልክ ሲጠይቅ 14 በመቶ ሆኑ። በወራት ውስጥ ግማሹ ጠፋ።

ሰዎቹ ተዉት ወይስ መናገር ተዉ? ፒው ራሱ ይህን ጥርጣሬ በሪፖርቱ አንስቷል። ለዚህም ኮምስኮር የተባለው ድርጅት በሰዎች ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ የለካውን አብሮ አቀረበ። የማጋሪያ ፕሮግራሞቹ ተጠቃሚ በእርግጥ ቀንሶ ነበር። ግን በዘመኑ በጣም የታወቀው የማጋሪያ ፕሮግራም፣ ካዛ፣ ላይ የታየው ቅነሳ ከግማሽ እጅግ ያነሰ ነበር። በ2004 ደግሞ ካሊፎርኒያ የሚገኙ ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ የኢንተርኔት አቅራቢ ዋና መስመር ላይ የሚያልፈውን ትራፊክ ለክተው የፋይል መጋራቱ መጠን አልቀነሰም አሉ። ፕሮግራሞቹ የሚጠቀሙበትን የኔትወርክ መግቢያ (ፖርት) እየቀያየሩ ስለሚደበቁ በድሮው ዘዴ የሚቆጥራቸው ሰው የቀነሱ ይመስለዋል።

ከዚህ ሦስት ምንጭ ምን እንደምናወጣ ልንገራችሁ። አንዱ ሌላውን ውሸታም አያደርገውም። መጠይቁ የሚቆጥረው ሰው ነው፣ ኮምስኮር የቆጠረው የፕሮግራም ተጠቃሚ ነው፣ የመስመሩ መለኪያ የሚቆጥረው ዳታ ነው። ጥቂት ሰው ብዙና ትልቅ ፋይል ቢያወርድ ሰው እየቀነሰ ዳታው ባለበት ሊቆይ ይችላል። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። የ15 ነጥቡን ውድቀት በሙሉ «ክሱ ሰውን አስቆመ» ብሎ መተርጎም አይቻልም። ከፊሉ ዝምታ ሊሆን ይችላል።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ጥናቱ የተካሄደበትን ወር ያዙ። በዚያ ሰሞን ክስ፣ አዲስ ሕግ ወይም የቴሌቪዥን ዘመቻ እንደነበረ አረጋግጡ። ጠያቂው ማን ብሎ ራሱን እንዳስተዋወቀ እዩ። ፊት ለፊት ነው፣ በስልክ ነው ወይስ ብቻን በስክሪን? ሰው የሚያሳፍር ነገርን ሰው ፊት ከመናገር ይልቅ ብቻውን ስክሪን ላይ ሲሞላ ይበልጥ ያምናል። ይህ በአደንዛዥ ዕፅና በመሰል ጉዳዮች ጥናት በተደጋጋሚ ታይቷል።

ፍርሃቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አይገፋም። ጓደኞቹ አጠገቡ ሆነው ፎርም የሚሞላ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያላወረደውን አወረድኩ ሊል ይችላል።

ደረጃ 4፦ የግዢውንም መልስ ጠርጥሩ

ብዙ ሰው ነፃውን ብቻ ይጠረጥራል። ግዢውም ግን ከትዝታ የሚወጣ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ፊልም ተከራያችሁ? አብዛኛው ሰው አይቆጥርም፤ «በወር ሁለት ያህል» ብሎ በ12 ያባዛል። ለዚህ ነው መልሶቹ 10፣ 12፣ 20፣ 24፣ 50 ላይ የሚከማቹት። ጥሬ ዳታው እጃችሁ ከገባ ስርጭቱን ሣሉት። ክብ ቁጥሮች ላይ ብቻ ማማ ከተሠራ እያያችሁ ያላችሁት ቆጠራ ሳይሆን ግምት ነው።

ሌላው ጉዳይ ሩቁን ማቅረብ ነው። በ1964 ኔተር እና ዋክስበርግ የተባሉ የአሜሪካ የስታትስቲክስ ሰዎች የቤት ጥገና ወጪን ሲያጠኑ ሰዎች ከተጠየቁበት ጊዜ በፊት የወጣን ወጪ ወደ ጊዜው ውስጥ ጎትተው እንደሚያስገቡ አሳዩ። በተለይ ትልልቁን። መድኃኒቱም ከእነሱ የመጣ ነው፦ ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ የመጀመሪያውን መልስ እንደ ድንበር ያዙና በሁለተኛው ላይ የተደገመውን አውጡ።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚሻለው ዝርዝር ማቅረብ ነው። ሮብ እና ዋልድፎግል የተባሉት ኢኮኖሚስቶች በ2006 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎችን «ስንት ገዛህ?» ብቻ ብለው አልተዉም። ከ1999 እስከ 2003 የወጡ የታወቁ አልበሞችን በስም ዘርዝረው እያንዳንዱን ገዝተውት ወይም አውርደውት እንደሆነ ጠየቁ። ስም ማየት ትዝታን ይቀሰቅሳል። ያገኙት ውጤት ማውረድ ተማሪው በእነዚያ አልበሞች ላይ የሚያወጣውን ከ126 ዶላር ወደ 100 ዶላር ያወርዳል የሚል ነው። ይህ የጥቂት ኮሌጆች ተማሪ ነው፣ ስለ ሕዝቡ ሁሉ አይናገርም። የጥያቄው አሠራር ግን ሊኮረጅ ይገባል።

ደረጃ 5፦ ሁለቱ መልሶች አብረው ሲጨምሩ ቆም በሉ

ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ነው። አንዱ «ብዙ የሚያወርደው ብዙ ይገዛል» ይላል። ሌላው «ማውረድ ግዢን ይገድላል» ይላል። ሁለቱም መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ።

የካናዳን ታሪክ እዩ። የካናዳ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር አሠርቶት በ2007 የወጣ የአንደርሰን እና ፍሬንዝ ጥናት ነበር። ከ2,000 በላይ ካናዳውያን ተጠይቀዋል። ፋይል ከሚጋሩት መካከል በወር አንድ ተጨማሪ ዘፈን በነፃ ማውረድ በዓመት 0.44 ሲዲ ተጨማሪ ከመግዛት ጋር ይያያዛል አለ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ሕዝቡ በጠቅላላ ሲታይ ግን እዚያው ጥናት ላይ ግንኙነት አልተገኘም። በ2010 ራሳቸው አጥኚዎቹ በአንድ የኢኮኖሚክስ የምርምር መጽሔት ሲያሳትሙት በወረደው ብዛትና በሲዲ ግዢ መካከል ግንኙነት የለም አሉ። ቆይቶ ያንኑ ዳታ የወሰዱ ሌሎች ኢኮኖሚስቶች ግዢ ይቀንሳል የሚል ውጤት አወጡ። ከአንድ መጠይቅ ሦስት መልስ።

ለምን? አንደኛ፣ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ሁለቱንም ያበዛል። ያወርዳልም፣ ይገዛልም። ፍቅሩን ሳትለኩ ሁለቱን ብቻ ብታዩ ማውረዱ ያስገዛው ይመስላል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይነገርም፤ ለእኔ ግን ከባዱ እሱ ነው። ሁለቱም መልሶች የወጡት ከአንድ አፍ ነው። ቁጥር ማጋነን የሚወድ ሰው ሁለቱንም ያጋንናል። ቁጥብ የሆነው ሁለቱንም ያሳንሳል። ስለዚህ በእውነተኛው ሕይወት ምንም ግንኙነት ባይኖር እንኳ በወረቀቱ ላይ አብረው ከፍና ዝቅ ይላሉ። በተቃራኒው በማውረዱ የሚያፍር ሰው ጥፋቱን ለመሸፈን ማውረዱን አሳንሶ «ብዙ እገዛለሁ» ካለ፣ ማውረዱ ትንሽ፣ ግዢው ብዙ ሆኖ ይመዘገባል። ያኔ ማውረድ ግዢን የሚቀንስ ይመስላል። ናሙናን ማብዛት ይህን አያስተካክለውም።

መፍትሔው ቢያንስ አንዱን ወገን ከአፍ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። ደረሰኝ፣ የመደብር ሽያጭ፣ የኢንተርኔት መስመር። ኢኮኖሚስቱ ዜንትነር በ2001 ከሰባት የአውሮፓ አገሮች የተሰበሰበ መጠይቅ ሲጠቀም የፈጣን ኢንተርኔት መኖርን እንደ ውጫዊ ምክንያት (ማውረድን የሚያቀልል፣ ከሙዚቃ ፍቅር ጋር ግን የማይያያዝ ነገር አድርጎ) ይዞ ማውረድ ሙዚቃ የመግዛት ዕድልን በ30 በመቶ ይቀንሳል አለ። ኦበርሆልዘር-ጊ እና ስትረምፍ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2007 ባሳተሙት ሥራ ሰውን ጨርሶ አልጠየቁም። በ2002 ከሰርቨር የተመዘገቡ ዳውንሎዶችን ከ680 አልበሞች ሽያጭ ጋር አስተያዩ። ማውረድ በሽያጭ ላይ ያለው ተጽዕኖ ከዜሮ የማይለይ ነው አሉ። የማሽን መዝገብም ቢሆን ያወረደው ሰው ነገ ሱቅ ገብቶ መግዛቱን አያውቅም። ቢሆንም አይዋሽም፣ አይረሳም።

ደረጃ 6፦ «በነፃ ባይገኝ ኖሮ ትገዛው ነበር?» የሚለውን መልስ ለብቻው አስቀምጡ

ይህ ጥያቄ በብዙ ጥናቶች አለ። መልሱ ግን ትዝታ እንኳ አይደለም፣ ምናብ ነው። ሰው ገንዘቡን ሳያወጣ «አዎ» ማለት ቀላል ነው። ጥፋተኛ ላለመምሰል «አልገዛም ነበር» ማለትም እንደዚሁ። እያንዳንዱን ዳውንሎድ የጠፋ ሽያጭ አድርጎ በዋጋው ማባዛት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ተማሪ በነፃ ያገኘውን ሺህ ዘፈን ሁሉ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም።

የአውሮፓ ኮሚሽን 360,000 ዩሮ ከፍሎ በስድስት አገሮች ያሠራው ጥናት በ2015 ተጠናቆ ለሕዝብ የታየው በ2017 ነው። አጥኚው ኢኮሪስ ከአዳዲስ ታዋቂ ፊልሞች በስተቀር ሕገወጥ ማውረድ ሽያጭን መቀነሱን የሚያሳይ ጠንካራ ስታትስቲካዊ ማስረጃ እንዳላገኘ ጻፈ። ለእነዚያ ፊልሞች አሥር በሕገወጥ ሲታይ በሕጋዊ የሚታየው በአራት ይቀንሳል አለ። ብዙዎች «ጉዳት የለም ተባለ» ብለው አወሩት። ጥናቱ ግን የስህተት ክልሉ ሰፊ መሆኑን አስቀምጧል። ማስረጃ አለማግኘትና ጉዳት አለመኖር አንድ አይደሉም።

ደረጃ 7፦ ራሳችሁ ስትጠይቁ ሚስጥሩን የሚጠብቅ ዘዴ ተጠቀሙ

ጥናት ልትሠሩ ከሆነ የመጀመሪያው ነገር መግቢያው ላይ «ሕገወጥ»፣ «ስርቆት»፣ «የቅጂ መብት አዋጅ» የሚሉ ቃላትን አለመጻፍ ነው። መላሹ ገና ጥያቄውን ሳያይ መልሱን ያስተካክላል። ስም አትጠይቁ፤ የማያስፈልግ ከሆነ ስልክም።

አንደኛው ዘዴ የሳንቲም ነው። መነሻ ሐሳቡ በ1965 ስታንሊ ዋርነር ያቀረበው ነው። መላሹ እናንተ ሳታዩ አንድ ብር ሳንቲም ይወረውራል። አንበሳው ከወጣ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይላል። ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱን ይናገራል። «አዎ» ያለው ሰው በሳንቲሙ ይሁን በእውነቱ ማንም አያውቅም። ከ200 ሰው 60 በመቶው «አዎ» አለ እንበል። 50 በመቶው ከሳንቲሙ ነው። የቀረው 10 በመቶ እውነቱን ከተናገረው ግማሽ የመጣ ስለሆነ እጥፍ አድርጉት። 20 በመቶ ያህሉ ያወርዳል።

ሁለተኛው የዝርዝር ዘዴ ነው። ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ክፈሉ። ለአንደኛው ቡድን አራት ተራ ነገሮች ስጡ፦ ሬዲዮ ማዳመጥ፣ ኮንሰርት መሄድ፣ ፊልም ቤት መግባት፣ ጋዜጣ መግዛት። «ባለፈው ወር ከእነዚህ ስንቱን አደረግህ?» በሉ። የትኛውን ብላችሁ አትጠይቁ። ለሁለተኛው ቡድን አምስተኛ ጨምሩ፦ ዘፈን ወይም ፊልም ሳይከፍሉ ማውረድ። የመጀመሪያው አማካይ 2.1፣ የሁለተኛው 2.4 ከሆነ ልዩነቱ 0.3 ነው፤ 30 በመቶ ማለት ነው።

ሁለቱም ዘዴዎች ዋጋ ያስከፍላሉ። በየቡድኑ 300 ሰው ቢኖራችሁ እንኳ የዝርዝሩ ውጤት ወደላይም ወደታችም 16 ነጥብ ገደማ ሊያወላውል ይችላል። ናሙናችሁ ትንሽ ከሆነ ተዉት። ብቻውን የሚሞላ ስም የለሽ ፎርም ይሻላችኋል። ሳንቲሙም ቢሆን ደንቡን በደንብ ካላስረዳችሁ ሰው ግራ ይገባዋል። አስቀድማችሁ በጥቂት ሰው ሞክሩት።

ከተቻለ ለጥቂት ፈቃደኞች የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ስጡ። በየማታው ያወረዱትንና የገዙትን ይጻፉ። ከዚያ ያንኑ ሳምንት በመጠይቅ ጠይቋቸው። በሁለቱ መሃል የምታገኙት ልዩነት የቀረውን ናሙና ምን ያህል ማመን እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ደረጃ 8፦ ስትጽፉ ግሡን አስተካክሉ

«ከወጣቶች 30 በመቶው ያወርዳል» አትበሉ። «ከተጠየቁት ወጣቶች 30 በመቶው ባለፈው ወር ቢያንስ አንድ ዘፈን ሳይከፍሉ አወረድን አሉ» በሉ። ቀጥሎ እንዴት እንደተጠየቁ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሰው፣ የስህተት ክልሉስ ስንት እንደሆነ ጨምሩ። ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል ብላችሁ ካመናችሁ ምክንያቱን ጻፉ፤ ቁጥሩን ግን እንዳለ ተዉት። ማስተካከያ ካደረጋችሁ በሌላ ዓምድ፣ ከጥሬው ጎን አስቀምጡት። ጥሬ ዳታውን ከስም አጽድታችሁ መጠይቁን ጨምሮ ለሚጠይቃችሁ ስጡ። የካናዳው ዳታ ለሌሎች በመከፈቱ ነው ዳግም የተመረመረው።